ፊት የምትሄደው ልጅ

አባቴ ሁለት ሴት ልጆች ነበሩት፤ አንዷን ወለደ፣ አንዷን አጠባ። የወለደው እኔን ትሩፋትን ነው፤ ያጠባት ይታይሽን። ወንድ እንዴት ያጠባል የሚል ሰው የእኛን አገር ሽማግሌዎች አያውቃቸውም። በእኛ አገር ወንድ አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ያጠባል፤ ያን ጣት የጠባ ልጅ የጡት ልጅ ይባላል፣ ከአብራክ ልጅም አይለይም። ይህን ዛሬ ረጋ ብዬ እጽፈዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ገና ትምህርት ቤት ያልገባሁ ልጅ ነበርሁ፤ ያየሁትም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እኔ ለምኜ የምከለከለው ማር፣ ሳትለምን ለሰው ልጅ ሲሰጥ።

ቤታችን ከወረታ ወጣ ብሎ፣ የፎገራ ሜዳ ከሚጀምርበት ነበር። የዚያን ቀን ግቢያችን በሰው ሞላ። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ጉቶና ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ አባ ገብረማርያም መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ከእነሱ ራቅ ብለው ከደጋ የመጡ፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና የደረቡ ሰዎች ቆመዋል። ጭስ ጭስና በግ በግ ይሸታሉ። በመካከላቸው በእኔ ዕድሜ የምትሆን ልጅ ነበረች። ፀጉሯ ዙሪያውን ተላጭቷል፤ ጉንጯ በብርድ ተሰነጣጥቋል። አታለቅስም፣ ማንንም አታይም።

አባቴ ፊቷ ተንበረከከ። አባቴ አያልነህ ከቤተ ክርስቲያን ውጪ ሲንበረከክ አይቼው ስለማላውቅ ይህ ራሱ አስደነገጠኝ። እናቴ እናትነሽ የማሩን ቅል አቀረበችለት። አውራ ጣቱን እስከ አንጓው ነከረና ወደ ልጅቱ አፍ ሰደደው። ልጅቱ ዓይኗን ጨፍና ጠባች። ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ሰዉ አሜን አለ። ከደጋ ሰዎቹ አንዱ፣ ረጅሙ፣ ፊቱ የከሰለው፣ አሜን ሳይል ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። እኔ ግን እሱን ልብ አላልሁትም፤ የማየው ከጣቱ ወደ ክንዱ የሚወርደውን ማር ነበር።

የእናቴን ቀሚስ ጎተትሁ። «እኔስ?»

«ዝም በይ» አለችኝ ቆንጥጣ። «አባትሽን እያዳኑት ነው።»

አባቴ የታመመ መሰለኝ። ማር ለቁስል እንደሚቀባ አውቅ ስለነበር የታመመው አውራ ጣቱ ነው ብዬ ደመደምሁ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን እራት ሲበላ እጁን እየያዝሁ ጣቱን አገላብጬ ስመረምረው ሰነበትሁ። አንድም ቁስል የለበትም። እንግዲያ ድኗል፤ ልጅቱ ታዲያ ለምን ወደ ቤቷ አትሄድም?

አልሄደችም። መደቡ ላይ ከእኔ ጎን ተኛች፤ እኔ የማልለቀውን የግድግዳ ጥግ ያዘች። እንግዳ መጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ ሲቆይ ብር፣ ሲሰነብት ብረት ነው ይባላል። ይታይሽ ግን ወርቅ እንደሆነች ከረመች። እናቴ ምግብ ስታቀርብ «ለይታይሽ አስቀድሚላት» ትለኛለች። አባቴ ከወረታ ገበያ ኮንጎ ጫማ ገዝቶ ሲመጣ፣ አዲሱ ለእሷ ሆነ፤ እኔ መዝጊያው የተበጠሰውን አሮጌዬን በገመድ አሥሬ ቀጠልሁ። ብጠይቅ መልሱ ያው ነው፦ «እሷ መንገድ አለባት።»

መንገዱ የጉና መንገድ ነበር። ፎገራን በክረምት ያላየ ሰው አያውቀውም፤ ርብና ጉማራ ከአፋቸው ይገነፍላሉ፣ ጣና ራሱ ወደ ማሳው ይመጣል፣ ደረቅ የቀረውን መሬት ደግሞ ሩዝ ይይዘዋል። ላም የምትተኛበት ስታጣ ሰኮናዋ ይበሰብሳል። ስለዚህ አባቴ በሰኔ ውሃው ሳይሞላ ከብቶቹን ይዞ ወደ ጉና ይወጣል። በአለም በር አድርጎ፣ ከመኪናው መንገድ ርቆ፣ በየመንደሩ እያደረ፣ በመጨረሻ ቤት በሌለበት ተራራ ዋሻ ውስጥ አድሮ፣ ጓሳው ሣር ላይ ይደርሳል። ከብቶቹን ለአንድ ደገኛ አደራ ሰጥቶ ይመለሳል፤ ውሃው ሲጎድል ደግሞ ሊያወርዳቸው ይሄዳል። ለእኔ ግን ይህ ሁሉ የከብት ጉዳይ አልነበረም። አባቴ በእግሩ ደመና ውስጥ ገብቶ የሚወጣበት ጉዞ ነበር፤ ከእሱ ጋር መሄድ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የተመኘሁት አንድ ነገር ይኸው ነው።

በዚያ ሰኔ ይታይሽን ይዟት ወጣ።

«እኔስ?» አልሁ በሩ ላይ ቆሜ።

«አንቺ እግርሽ የሜዳ ነው» አለኝ። «እሷ የደጋ ልጅ ናት። ዳገቱን እግሯ ያውቀዋል።»

ከዚያ በፊት በነበረው ምሽት እናቴና እሱ በጓዳ ሲነጋገሩ ሰምቼ ነበር። «ያለ ልጅቱ እግርህን እንዳታነሳ» ትለዋለች። «እሷ ናት መንገዱ። ፊት ፊት ትሂድልህ።» እኔም ገባኝ፤ ይታይሽ መንገድ መሪ ናት። አባቴ የሚያክል ሰው፣ የፎገራን ሜዳ በጨለማ የሚያውቅ ሰው፣ ያቺን ጉንጯ የተሰነጠቀ ልጅ ተከትሎ ይሄዳል። በቤተ ክርስቲያንም በድግስም ፊት የሚቀመጠው የተከበረ ሰው ነው። ቀናሁባት። ከብቶቹ በሩ ላይ ሲያልፉ ይታይሽ ከመሪዋ ላም ጎን በአዲሱ ጫማዋ ስትሄድ አየኋትና መሬት ላይ ተንከባልዬ አለቀስሁ። ዞር ብላ አየችኝ። የምትኮራብኝ መሰለኝ።

ሲመለሱ ልብሷ ሌላ ሽታ ይዞ መጣ፤ የአስታ እንጨት ጭስ፣ የእርጥብ ድንጋይ፣ የብርድ ሽታ። መደቡ ላይ እንደተኛን ጠየቅኋት።

«ምን አየሽ?»

«ጉም።»

«ከጉሙ በላይስ?»

«ሌላ ጉም።»

እርር ድብን አልሁ። ያየችውን ሁሉ ለራሷ ልታስቀረው ነው ብዬ ግድግዳው ድረስ በእግሬ ገፋኋት። አሁን ሳስበው ይታይሽ አልዋሸችኝም። ፊት የሚሄድ ሰው ዓይኑን የሚተክለው ጉሙ ላይ ነው፤ ሌላ ነገር ለማየት ጊዜ የለውም።

ከዚያ ወዲህ እግሬን ደጋ ላደርገው ተነሳሁ። ከወረታ ጀርባ ያለውን ኮረብታ ጠዋት ጠዋት መውጣት ጀመርሁ። ባዶ እጅ መውጣት ሲቀለኝ የእናቴን የወፍጮ መጅ በነጠላ ጠቅልዬ በጀርባዬ አዘልሁት። እናቴ ወፍጮው ላይ ተቀምጣ መጅ ስትፈልግ፣ እኔ ኮረብታው አናት ላይ ላብ በላብ ሆኜ፣ ሩዙ ማሳ ውስጥ የተኛውን ውሃ እያየሁ፣ ይታይሽን በሐሳቤ ሩቅ ወደ ኋላ አስቀርቻት ነበር። ስትደርስብኝ ገረፈችኝ። ለምን እንደወሰድሁት ግን ሳልነግራት ቀረሁ።

ነገሩን በሙሉ ያወቅሁት አባቴ ከሞተ በኋላ ነው፤ እናቴ ነገረችኝ። ወገኔ የሚባለው የአባቴ ወንድም፣ እኔ ጎንደር ለሥራ ሄዷል ሲሉኝ ያመንሁት አጎቴ፣ በሣር ጠብ እዚያ ተራራ ላይ ደረሰ የሚባል ሰው ገድሎ ጎንደር ወህኒ ቤት ነበር። ደረሰ የይታይሽ አባት ነው። እናቷ ቀድማ ሞታ ስለነበር ልጅቱ የደረሰ ወንድም ባየህ እጅ ላይ ቀረች። ባየህ ያ አሜን ያላለው ሰው ነው። ገዳዩ ወህኒ ቤት ስለገባ ደሙ የሚፈለገው ከአባቴ ነበር። ሽማግሌዎቹ ልጅቱን የአባቴ የጡት ልጅ አድርገው ደሙን ሊያደርቁ ሞከሩ፤ ባየህ ልጅቱን ሰጠ፣ ልቡን ግን አልሰጠም። በመስቀል ፊት የተናገረውን እናቴ ቃል በቃል ታስታውሰዋለች፦ «ልጅቱ አብራው ካለች፣ ደረሰ አብሮት እንዳለ ቆጥሬ አልነካውም። ያለ እሷ ተራራዬን ከረገጠ ግን ማተብ አይዘኝም።» አባቴ ሌላ ሣር ቢኖረው ኖሮ እዚያ ባልሄደ። አልነበረውም። ከብቶቹን በውሃ ከማጣት ልጅቱን ፊት እያስሄዱ ጉናን መውጣት ይሻላል ተባለ።

እኔ ይህን ሳላውቅ ክረምቱ ተመላልሶ መጣ። መሄድ የምችል መሆኔን ያመንሁበት ዓመት ላይ ምግብ መብላት አቆምሁ። እናቴ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ተቆጣች፣ በመጨረሻ ፈራች።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አለችኝ። «ምን ልትሠሪ ነው ተራራ ላይ?»

«እሷ የምትሠራውን።»

እናቴ ወደ አባቴ ዞረች፤ አባቴ ቀና አላለም፤ የላሟን ገመድ መግመዱን ቀጠለ። ያን ጊዜ ከጥግ ተቀምጣ የነበረችው ይታይሽ ተናገረች። በቤታችን ሳትጠየቅ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።

«ትምጣ» አለች። «እኔ ብቻዬን አልሄድም።»

«አባባ አብሮሽ አይደለም እንዴ?» አልኋት።

«እሱ ከኋላ ነው» አለች።

አባቴ ገመዱን ከእጁ አኖረ። እኔ በረሃብ ሰንብቼ ያላገኘሁትን፣ እሷ በአንድ ቃል አገኘችው። «እሺ» አለ። «ይታይሽ እንደወትሮው ፊት ትሄዳለች። ትሩፋት ከእኔ ኋላ ትሆናለች፤ ከኋላዬ ንቅንቅ አትልም።» እናቴ «ሁለቱንም?» ብላ የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። ለሁለት ልጆች ስንቅ ማዘጋጀት የከበዳት መሰለኝ። ደስታዬ ግን ግማሽ ነበር፤ በይታይሽ ፈቃድ መሄድ ጨው እንደሌለው ወጥ ሆነብኝ።

ጉዞው ካሰብሁት ይበልጥ ነበር። ሜዳው ከኋላችን እየሰፋ፣ ጣና ከሩቅ እንደ ብረት ምጣድ እያብለጨለጨ ወጣን። ከብቶቹ በዳገቱ ሲተነፍሱ ጎናቸው ይነፋል፤ ሽታቸው ይሞቃል። ሲመሽ አባቴ በማናውቀው ግቢ በር ላይ ይቆምና «የመሸብን ነን፣ ያሳድሩን» ይላል። ከውስጥ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ» ይሉናል። ባቄላ ቆሎ ይሰጡናል፤ በረት ደጃፍ ጭድ ላይ እንተኛለን። ጠዋት ጤዛው ጫማዬ ውስጥ ይገባል። ተረከዜ ውሃ ቋጥሮ ፈነዳ፤ ጥርሴን ነክሼ ዝም አልሁ፤ የሜዳ እግር ነው እንዳይባል።

የጎዳኝ ቁስሉ አልነበረም። የምሄደው ከአባቴ ኋላ ነበር፤ የማየው ጀርባውን፣ ከዚያ ወዲያ የላሞቹን ጭራ ነው። ከሁሉም ፊት፣ ጉሙ ሲገለጥ፣ የይታይሽ ትንሽ ባና ትታየኛለች። አባቴም ዓይኑ ከእሷ ላይ አይነቀልም። እኔ አንድ ነገር ስጠይቀው እንኳ እሷን እያየ ነው የሚመልስልኝ።

ቤት ከሌለበት ከፍታ ስንደርስ ዛፉ ሁሉ አጠረ፤ አስታው ቀረና ረጅሙ የጅብራ ተክል ብቻ ጉሙ ውስጥ ቆሞ ቀረ፤ አንዳንዱ ሰው መሰለኝ። በሁለት ቋጥኝ መካከል በር የመሰለ ማለፊያ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ሣሩ ነው፣ ዋሻውም እዚያው ነው። አባቴ ወደ ኋላ ለቀሩ ጊደሮች ያፏጫል። ድንገት ከፊት ጥጃ ጮኸ፤ እግሩ ድንጋይ መካከል ተቀርቅሮበታል። ይታይሽ ጎንበስ ብላ ልታወጣለት ስትታገል አየኋት። ከዚህ የተሻለ ጊዜ አላገኝም አልሁ። በላሞቹ ጎን ሾልኬ፣ አጠገቧ አልፌ፣ መሪዋንም ላም አልፌ ሮጥሁ። ኮረብታው ላይ መጁን አዝዬ የሮጥሁት ሁሉ ለዚያች ሰዓት ነበር። ከኋላዬ ጉሙ ተዘጋ። ፊት ሆንሁ።

ማለፊያው ላይ አንድ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ባና ደርቧል፤ ጠመንጃው ጭኑ ላይ ነው። ያ አሜን ያላለው ሰው መሆኑን አላወቅሁትም።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» አለኝ።

በሕይወቴ ሲጠይቁኝ የተመኘሁት ጥያቄ ነበር። «የአያልነህ» አልሁ። «የወለደኝ ነው። ሌላ የወለደው የለውም።»

«የፎገራው አያልነህ?»

«አዎ። ከከብቶቹ ጋር እየመጣ ነው።»

ከኋላዬ ያለውን ጉም አየ። «ያቺ ልጅስ?»

«የቷ?»

«ፊት ፊት የምትሄደው።»

እልህ ያዘኝ። እዚህ፣ ቁራ እንኳ በማይታይበት፣ ስለ እሷ ይጠየቃል። «ዛሬ ፊት የምሄደው እኔ ነኝ» አልሁት።

ሰውዬው ከድንጋዩ ተነሳ። ባናውን ወደ ትከሻው መለሰና ጠመንጃውን አቀባበለ፤ ድምፁ ከቋጥኙ ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ። አልፈራሁም። ወረታ አጠገብ ሠርግ ሲመጣ፣ ሙሽራዋ በበቅሎ ከፊት ሆና ስትደርስ ጠመንጃ ይተኮሳል። ለእኔም ሊተኩስልኝ ነው ብዬ ቀጥ ብዬ ቆምሁ። ለይታይሽ ተኩሰውላት ያውቁ ይሆን እያልሁ አስብ ነበር።

ያን ጊዜ ከጉሙ ውስጥ አባቴ ጮኸ።

«ትሩፋት!»

አባቴ ጮኾ የሚጠራ ሰው አልነበረም፤ ከብት እንኳ በፉጨት ነበር የሚመልሰው። ሰውዬው አፈሙዙን ድምፁ ወደመጣበት አዞረ። አባቴ ደግሞ ጮኸ፤ አሁን ቀርቧል፤ ጠጠር ከእግሩ ሥር ሲንከባለል ይሰማል። «ትሩፋት! ልጄ!» መስመር ጥሼ ስላለፍሁ የተቆጣኝ መሰለኝና መልስ አልሰጠሁትም። ሰውዬው ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስደግፎ አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

ከአባቴ በፊት ይታይሽ ደረሰች። አንድ ጫማዋ የለም። ትንፋሿ ተቆራርጧል። በእኔና በሰውዬው መካከል ሳይሆን ወደ ጎን ብላ፣ የአባቴ ድምፅ ከሚመጣበት በኩል፣ አፈሙዙ ፊት ቆመች።

«አጎቴ፣ አለሁ» አለች። «አብሬው ነኝ። አለሁ።»

ሰውዬው ቶሎ አላወረደውም። ከዚያ ግን አወረደው። «ምነው ከኋላ ቀረሽ?»

«ጥጃው ድንጋይ ይዞት።»

«ሁለተኛ ከኋላ እንዳትቀሪ» አላት። «ሂዱ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ዋሻው ግቡ።» ባናውን ሰብስቦ በቋጥኙ ጎን ጉሙ ውስጥ ጠፋ።

አባቴ ባዶ እጁን መጣ፤ ጋቢውም ዱላውም አብረውት የሉም። ፊቱ አመድ መስሏል። የእጄን አንጓ ያዘኝ፣ አጥንቴ እስኪያመኝ። እኔ ግን የማየው ይታይሽን ነበር። ሕይወቴን ሙሉ አንድ ጊዜ ፊት ሆኜ፣ አንድ ጊዜ ሊተኮስልኝ ሲል፣ መጥታ ጋረደችኝ። ጠላኋት።

ዋሻው ውስጥ አባቴ እሳት አነደደ፣ ውሃ አሞቀ። የይታይሽን እግር ጉልበቱ ላይ አኖረና ያጥበው ጀመር። የተቧጠጠውን ባዶ እግሯን ቀስ እያለ፣ በጣቶቿ መካከል ሳይቀር፣ ለትልቅ እንግዳ እንደሚደረገው አጠበ። አጥቦም ሲጨርስ ጎንበስ ብሎ ሳመው። እሷ እሳቱን ታያለች። እኔም የፈነዳ ተረከዜን ዘርግቼ ተራዬን ጠበቅሁ። አባቴ ውሃውን ደፋው። ከዚያ መጥቶ እጄን እንደገና ያዘኝ፤ እንቅልፍ እስኪወስደኝ አልለቀቀኝም፣ ስነቃም እንደያዘኝ ነበር። ለቅጣት እንዳላመልጥ ነው ብዬ አሰብሁ።

በሚቀጥለው ዓመት አባ ገብረማርያም ሽማግሌ ይዘው ወደ ጉና ወጡ፤ ባየህም ታረቀ። ይታይሽ ስታድግ ወደ ተራራዋ ተመለሰች። እኔ ባሕር ዳር ተማርሁ፣ ባሕር ዳር ሥራ ያዝሁ። አባቴ ሲሞት ባየህ ዘመዶቹን አስከትሎ ወረታ ድረስ ወርዶ አለቀሰ። በለቅሶው ይታይሽ «አባቴ» እያለች ደረቷን ስትመታ፣ ሰው ሁሉ የሚያጽናናው እሷን ነበር። ያን ጊዜም ቀናሁ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አገሩ ሰላም ሳለ፣ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች በእግር ተጉዘው፣ ድንኳን ተክለው እያደሩ ጉናን ሊወጡ ተነሱ፤ እኔም አብሬ ሄድሁ። የሚመራን ሰው ተራራው ሥር ይጠብቀናል ተባለ። የጠበቀችን ይታይሽ ነበረች። የዝናብ ካፖርት ለብሳ፣ ሁለት በቅሎ ይዛ። ጓደኞቼ አንድ ቀን ሳይሞላቸው ወደዷት፤ «እግር ማለት ይኼ ነው» ይሏታል፣ እኔ ከኋላ እያለከለክሁ። ማለፊያው ላይ ስንደርስ በቅሎዎቹን እየሳበች ፊት ፊት አለፈች። ማታ ድንኳኖቹ ከተተከሉ በኋላ ሌሎቹ ሻይ ሲያፈሉ እኔና እሷ ፈንጠር ብለን ትንሽ እሳት አንድደን ተቀመጥን።

«መቼም አባባ የሚወደው አንቺን ነበር» አልኋት። ቀልድ ላስመስለው ሞከርሁ።

ወደ እኔ ዞረች። «ፊት ያስሄደኝ ስለወደደኝ መሰለሽ?»

«ነገሩን አሁን አውቀዋለሁ። እናቴ ነግራኛለች። ግን እግርሽን አጠበ እኮ።»

«አጠበኝ» አለች። «የአንቺን እጅ ግን አልለቀቀም። እኔ አልተኛሁም፤ አይቻለሁ።» እንጨት ቆስቁሳ ቀጠለች። «ስንወጣ በሩ ላይ ተንከባልለሽ ስታለቅሺ ዞሬ የማይሽ ምን እያልሁ መሰለሽ? እሷ እኮ ቤቷ ትቀራለች እያልሁ ነው። ሰው የሚሳሳለትን ቤቱ ይተዋል። እቀናብሽ ነበር። አብራን እንድትመጪ የፈለግሁትም እኔ የምፈራውን አንድ ቀን አንቺም ብትፈሪው ብዬ ነው።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ሮጠሽ መጣሽ?»

«ሲጮህ ሰማሁታ።» ወደ ማለፊያው በኩል አገጯን አዞረች። «የአጎቴን ቃል ያውቅ ነበር። እዚያ ጉም ውስጥ ሆኖ የእኔን ስም ቢጠራ፣ አጎቴ መኖሬን ይሰማል፣ እሱም ይድናል። አንድ ጊዜ ይታይሽ ቢል ይበቃው ነበር። ስንት ክረምት ፊቱ ሄጄለታለሁ። የጠራው ግን ያንቺን ስም ነው።»

ከዚያ ተነስታ ለበቅሎዎቹ ገብስ ልትሰጥ ሄደች።